ጀምበር ሳትጠልቅ

ለሥልጠና ወይም ለትምህርት ከቤታቸው ርቀው የሰነበቱ አንባቢዎች ስለ አመሻሽ የእግር ጉዞ የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ቢሾፍቱ እገባለሁ። ትምህርቱ የሚያበቃው 11 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሐይቆቹን በእግር ማየት እፈልጋለሁ። ሳይመሽብኝ ምን ያህል መሄድ እችላለሁ?
*የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከደሴ*

መልስ፦ ካሰቡት ያነሰ ነው። ኅዳር ላይ ቢሾፍቱ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከጠለቀች በኋላ እግር የሚጥሉበትን የሚያሳይ ብርሃን የሚቆየው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ቁልቁል ትወርዳለች እንጂ በአድማስ ላይ አታዘግምም። ብዙ ሰው «እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ነው የምትጠልቀው» ይላል፤ ስሕተት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ እዚያው ቢሾፍቱ የምትጠልቀው 12፡45 አካባቢ ነው። ስለዚህ በሰኔ የሠለጠነ የሥራ ባልደረባዎ «ሐይቁ ድረስ ደርሼ በብርሃን ተመለስኩ» ካለዎት እውነቱን ነው፤ በኅዳር ግን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይጎድልዎታል።

ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ይሥሩት። 11 ሰዓት ላይ ቢወጡም ቦርሳ ማስቀመጥና ጫማ መቀየር ስላለ መንገድ የሚጀምሩት 11፡15 ነው። እስከ 12 ሰዓት ያለዎት 45 ደቂቃ ነው። ድንግዝግዙን በሒሳቡ ውስጥ አያስገቡት፤ እሱ ለተሳሳተ መታጠፊያ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ከ45ቱ ደቂቃ 18ቱን ለመሄድ፣ 27ቱን ለመመለስ ይመድቡ። ለመመለስ የሚበዛው ድካም ስላለ፣ ሰላምታም ስለሚያቆም፣ የማያውቁት መንገድ ከተቃራኒው አቅጣጫ ሲታይም ሌላ ስለሚመስል ነው። ሜዳ ላይ ደህና የሚራመድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ18 ደቂቃ 1.5 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ደርሶ መልሱ 3 ኪሎ ሜትር። ስልክዎ 18ኛው ደቂቃ ላይ እንዲጮህ ያድርጉና ሲጮህ ይመለሱ፤ «እዚያ ዛፍ ጋ ብቻ ደርሼ» የሚባለው ነገር ነው ሰውን የሚያስመሽ።

ዳገት ሲኖር ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ 10 ደቂቃ ይጨምሩ። ቢሾፍቱ ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ አርሰዲና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸውና ዳራቸው ገደል ነው። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ማለት ነው፤ ያኔ ሒሳቡ ይፋለሳል። በሥራ ቀን ወደ ውኃው አይውረዱ፤ ከላይ በጠርዙ ላይ ይሂዱ፣ ሐይቁም የሚያምረው ከላይ ሲያዩት ነው። የባቦጋያና የኩሪፍቱ ዳርቻ አብዛኛው በሪዞርትና በግል ግቢ ስለታጠረ ሙሉ ዙር አይገኝም። አጥር ላይ ደርሰው ሌላ መውጫ ሲፈልጉ ነው ጊዜው የሚያልቀው፤ በመጡበት መመለስ ይሻላል።

ለኅዳር የእኛ ምርጫ ጨለለቃ ሐይቅ ነው። ሜዳ ነው፣ ውኃውም ጥልቀት የለውም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜም የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ይሰፍሩበታል። ቀኑን በአዝመራ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውሉና ሊያድሩ ወደ ውኃው የሚመለሱት እርስዎ ከክፍል በሚወጡበት ሰዓት ነው። ጭቃው ላይ ግን አይግቡ፤ ከላይ ደርቆ ከሥር የረጠበ ዋልካ ጫማ ያስቀራል። አንድ ማሳሰቢያም አለ፤ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ወታደራዊ አጥር ባለበት ስልክዎ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

3 ኪሎ ሜትር ካነሰብዎት ከአሠልጣኞቹ ጋር ተነጋግሮ ጠዋት በ2፡30 ፋንታ በ2 ሰዓት መጀመር ነው። ከሥልጠና ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ተቃውሞ የማይገጥመው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ መጥቼ ደብረ ብርሃን እየሠለጠንኩ ነው። አመሻሽ ላይ ስወጣ አጭር ዳገት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረኛል፣ ስመለስ ደግሞ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ታምሜ ይሆን?
*መምህር*

መልስ፦ ደረትዎን የሚወጋ ሕመም ከሌለና ሲያርፉ ትንፋሹ የሚመለስ ከሆነ ከፍታው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ። እያንዳንዱ ትንፋሽ እቤትዎ ከለመዱት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚያስገባው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ፍጥነትዎን በግማሽ ይቀንሱ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በተነሣበት ቀን አይውጡ፤ አርፈው ካልተሻለዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቀድሞ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለብዎት ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

ብርዱን በተመለከተ ስሕተቱ የሚሠራው ሲወጡ ነው። በበጋ የደብረ ብርሃን ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ይለቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ አለችና ሹራብና ጃኬት ደራርበው ይወጣሉ፣ ዳገቱ ላይ ያልብዎታል፣ ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ እርጥብ ካናቴራ ነው ጀርባዎን የሚያበርደው። ሲነሡ ትንሽ ይብረድዎት። ሹራቡን ወገብዎ ላይ ያሥሩና ለመመለስ ሲታጠፉ፣ ሳይበርድዎት በፊት፣ ይልበሱት። ኮፍያ ከሁለተኛ ሹራብ ይበልጣል። ጋቢው አልጋው ላይ ይጠብቅዎት፤ ለእግር ጉዞ ከባድ ነው፣ እጅም ያሥራል። ደረቅ ካናቴራ አዘጋጅተው ይውጡ፤ እንደገቡ መቀየር ነው፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ከጠጡ በኋላ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሻና ጅብ እፈራለሁ። ከምሠለጥንበት ኮሌጅ ወደ ገጠሩ የሚወስደው መንገድ በግቢዎች መካከል ያልፋል፣ ከየግቢው ውሻ ይወጣል።

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚያሰጋው ግን ውሻው ነው። የገጠር ውሻ የሚጠብቀው የጌታውን ደጅ ነው። ከአጥሩ ራቅ ብለው፣ በመንገዱ ማዶ በኩል ይለፉ። ሲጮህ አይሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ማባረር ተፈጥሮው ነው። ዓይን ዓይኑን አይዩት፣ ጀርባም አይስጡት፤ ጎንዎን ሰጥተው ቀስ እያሉ ይለፉ። ከቀረበ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ይበሉ። መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖርም ይሠራል፤ የአገራችን ውሻ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። መወርወር አያስፈልግም፤ የተወረወረ ድንጋይ ባለቤቱን ያስቆጣል፣ ነገ ደግሞ በዚያው በር ነው የሚያልፉት። ይልቅ ባለቤቱን ደጅ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይበሉ። ሁለት ሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ካለፉ ውሻውም ይተውዎታል።

ከነከሰዎት፣ ቁስሉ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ሰዓት ይዘው ይጠቡ፤ ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ ላይ ይሰለቻል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቁ። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሥልጠናው ተጠናቅቆ ወደ አገርዎ ሲመለሱ የቀረውን ቀጠሮ እዚያ የሚቀጥሉበትን ወረቀት ይያዙ። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም። ውሻው ባለቤት ካለው ለ10 ቀን ታስሮ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ያንን ሲጠብቁ ግን ክትባቱን አያዘግዩ።

ጅብ ከጨለመ በኋላ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ በብርሃን ከተመለሱ አብዛኛው ነገር አለቀ። ከቄራ፣ ከቆሻሻ መጣያና የሞተ ከብት ከተጣለበት ሸለቆ ይራቁ። ቢመሽብዎት ብቻዎን አይሁኑ፣ ባትሪ ያብሩ፣ ድምፅ እያሰሙ በዋናው መንገድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴቶች ነን፣ አርሲ ውስጥ የአንድ ወር ሥልጠና ላይ ነን። የሰው ማሳ መካከል መሄድ ነውር ይሆን? ኦሮምኛ ደግሞ አንችልም።

መልስ፦ መንገዱ የሁሉም ነው፣ ማሳው ግን የባለቤቱ። በሁለት ማሳዎች መካከል ያለውን ድንበር ተከትላችሁ ሂዱ፤ የተዘራ ላይ አትርገጡ፣ ታርሶ የተከሰከሰ መሬትም ያው የተዘራ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሦስት መሆናችሁ ጥሩ ነው። ቀስ የምትለዋ ከፊት ትሁን፤ ከኋላ ከሆነች ርቀቱ እየሰፋ አንዷ ብቻዋን ትቀራለች። ስትወጡ ለግቢው ጥበቃ በየት በኩል እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት።

ሰላምታ ላይ አትቆጥቡ። ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ እንግዳ ነው የሚያጠራጥር። «አካም ኦልተን» ማለት «እንደምን ዋላችሁ» ነው፤ «ገለቶማ» ደግሞ «አመሰግናለሁ»። እነዚህ ሁለቱ ለሳምንት ይበቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ ራሳቸው ያስተምሯችኋል። ሥራ ላይ ላለ ሰው «በርቱ» ካላችሁ በአማርኛም ቢሆን ይገባዋል። ሕፃናት ተከትለው «ሃይላንድ» ሲሏችሁ የሚፈልጉት ባዶውን ጠርሙስ ነው። አንድ ቀን ከሰጣችሁ በማግስቱ ሃያ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ለአንድ ወር የምትመላለሱበት መንገድ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ከብት ወደ ቤት ይገባል። መንጋ ሲመጣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ከፍ ያለው በኩል ቁሙ። በላምና በጥጃ መካከል አትግቡ፤ ገር የምትመስል ላም የምትወጋው ያኔ ነው።

አንድ የማይቀር ነገር፦ «ቡና ጠጡ» ትባላላችሁ። ቡናው ገና ከመቁላት የሚጀምር ከሆነ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ጥላችሁ ብትነሡ ደግሞ ያስቀይማል። በሥራ ቀን «ቅዳሜ እንመጣለን» በሉና ቅዳሜ በእውነት ሂዱ፤ ሩብ ኪሎ ስኳር ወይም ዳቦ ይዛችሁ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። ስለ ወባና ስለ ጉማሬ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ለማስፈራራት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። የወባ ትንኝ መናከስ የምትጀምረው ሲመሽ ነው። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ያድርጉ፤ ትንኝ ቁርጭምጭሚት ትወዳለች። ዲት (DEET) የሚባለው ትንኝ የሚያርቅ ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት ካገኙ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለው ለአንድ አመሻሽ ይበቃል። ከአዲስ አበባ የመጡ ከሆነ ደግሞ ይህን ያስታውሱ፦ ከተነከሱ በኋላ ትኩሳቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው፣ አንዳንዱ ዓይነት ወራትም ይቆያል። ሥልጠናውን ጨርሰው ቤትዎ ገብተው ሲያተኩስዎት «ጉንፋን ነው» አይበሉ፤ ይመርመሩ፣ ሐኪሙም ሐዋሳ መሰንበትዎን ይወቅ።

ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው በእሱና በውኃው መካከል ቆሞ ሲያገኘው ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ሰው በበዛበትና መብራት ባለበት መሄድ ደህና ነው። ከዚያ አልፈው ቄጠማና ሸምበቆ ወዳለበት የሚገባውን ቀጭን መንገድ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ ይተዉት፤ ከእነዚያ መንገዶች ብዙዎቹን የከፈታቸው ሰው አይደለም። ውኃው ውስጥ እግርም አይንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለበት። አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ አሞሮች ማየት ከፈለጉ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ጠዋት ይሂዱ፤ ዓሣ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ለአመሻሽ ታቦር ተራራ ይሻላል፤ ወጥተው ሐይቁንና ከተማውን አይተው ፀሐይዋ አድማሱን ሳትነካ መውረድ ይጀምሩ። ልቅ ጠጠር ያለበት ቁልቁለት በጨለማ ቁርጭምጭሚት ያዞራል።

ጥያቄ፦ በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ለሁለት ዓመት ትምህርት ገብቻለሁ። እዚህ ፀሐይዋም፣ ጫካውም፣ ሕጉም ሌላ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከሰዓቱ። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ እራት በልተው ሁለት ሰዓት መሄድ ይችላሉ። ታኅሣሥ ላይ ግን ከቀኑ 10፡30 ገደማ ትጠልቃለች፤ ከክፍል ሲወጡ ጨለማ ነው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት የገጠር መንገዱን ለቅዳሜና እሑድ ያቆዩት፣ በሥራ ቀን መብራት ባለው መንገድ ይሂዱ። የእግረኛ መንገድ ከሌለ የሚሄዱት በብስክሌት መንገዱ ላይ ነው፤ ዳሩን ይዛችሁ፣ ተከታትላችሁ እንጂ ጎን ለጎን አይደለም። ብስክሌት ድምፅ የለውም። አንጸባራቂ ሰደርያ ርካሽ ነው፣ ይግዙ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ብዙ ጫካዎችና ጥብቅ ቦታዎች መግቢያቸው ላይ ሰሌዳ አለ፤ ክፍት የሚሆኑት ከፀሐይ መውጣት እስከ ፀሐይ መግባት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ ይቀጣል። መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቁጥር ያለው ምሰሶ ተተክሏል። ከመነሣትዎ በፊት የሚያልፉባቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም። በራይን ወንዝ ዳር ያለው ዝቅተኛ ሜዳ በበጋቸው እጅግ ያማረ ነው፤ በክረምታቸው ግን ወንዙ ሲሞላ ይጥለቀለቃል፣ ያኔ በግድቡ ላይ ይሂዱ። ብላውወ ካመር በሚባለው ቦታ ከፊል ዱር የሆኑ ፈረሶችና ከብቶች ይግጣሉ፤ 25 ሜትር ይራቁ፣ ሣርም አይስጡ። ፈረስ ያሳደገ ሰው የሚያውቃቸው ይመስለዋል፤ እነዚህ ልጓም አያውቁም።

የሚናቀው መዥገር ነው። የዚያ አገር መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ እንደገቡ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላና ከጆሮ ጀርባ ይፈትሹ። ካገኙ ከፋርማሲ በሚገዛ መንቀሻ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ላምባ፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን አይቀቡት። ቀኑን ይጻፉ። ከ3 ቀን እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የሚሰፋ ቀይ ክብ ከታየ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ሥልጠና አለብኝ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ነጎድጓዱ… ጫማስ ምን ልያዝ?

መልስ፦ ከነጎድጓዱ እንጀምር፤ ጭቃ ይታጠባል። መብረቁን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ለሦስት ሲካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥዎታል። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ይግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ብቻውን ሜዳ ላይ የቆመ ዋርካ ሥር አይጠለሉ፤ ከብትም እረኛም የሚመታው እዚያ ነው። ደረቅ የነበረ ቦይ ውኃ ከያዘ አይሻገሩ፤ እርስዎ ጋ ባይዘንብም ከላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፣ ጎርፉም እየቆዩ በሄዱ ቁጥር ይጨምራል እንጂ ወዲያው አይጎድልም።

ለሥልጠና የያዙት የቆዳ ጫማ ለዚህ አይሆንም፤ ሶሉ ልሙጥ ስለሆነ ያንሸራትታል፣ አንዴ ከራሰ ደግሞ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ጠዋት ክፍል የሚገቡበት ያጣሉ። ጥርስ ያለው አሮጌ ስኒከር ይያዙ። ቦት ጫማ ጭቃ ይከላከላል፤ ግን እግር ውስጡ ስለሚላወስ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አይሂዱበት። ኮንጎ ጫማ ለአጭር መንገድ አይናቅም፤ ውኃ ይገባበታል፣ ወዲያውም ይወጣለታል፣ በባልዲ ይታጠባል። ከጥጥ ካልሲ ይልቅ ሱፍ የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ጥጥ ውኃ ይዞ ይቆይና ቆዳውን አላልቶ ተረከዝ ላይ ውኃ ያስቋጥራል። ተረከዝዎ መፋጀት ሲጀምር፣ ውኃ ሳይቋጥር፣ እዚያው ቆመው ፕላስተር ይለጥፉ። ከቋጠረ አያፈንዱት፤ ይሸፍኑትና አንድ ቀን ይረፉ። የራሰ ጫማ ምድጃ አጠገብ አይደረቅም፤ ሙጫው ይላቀቃል። ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት፣ ከመተኛትዎ በፊት አንዴ ይቀይሩት።